ንቅሳት ወይስ ታቱ?
(ከመነቀስ በፊት ስላለው ዝግጅት ጥቂት ታሪክ)

ባለፈው ወር አንድ ማታ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ቡና ይዘን ስንጫወት አንዷ ድንገት «ታቱ ልነቀስ ነው» አለች። የክፍሉ ጨዋታ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የት? በስንት ብር? ምን ዐይነት ሥዕል? ያማል እንዴ? ጥያቄው ሲዘንብባት እኔም በሞቅታ «እንግዲያው አብረን እንሄዳለን፤ እኔም እነቀሳለሁ» አልኩ። ነገሩ እዚያው ተቆረጠ። በማግሥቱ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያችው ጓደኛዬ ከግቢያችን በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አንገታቸው ዙሪያውን ተነቅሶ አይታ፣ «ምን የመሰሉ ሴትዮ ነበሩ፣ ይኼ ንቅሳት ባያበላሻቸው» ብላ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። መርፌውም መርፌ ነው፤ ቆዳውም ያው ቆዳ ነው። ለመሆኑ አንዱ ድርጊት «ታቱ» ሲባል ሥልጣኔ፣ «ንቅሳት» ሲባል ኋላ ቀርነት የሚሆነው ለምንድን ነው? ለመነቀስ ቃል የገባ ሰው ምን ምን ማሰናዳት እንዳለበት ሳጠያይቅ ሰው ሁሉ ስለ ቅባትና ስለ ዋጋ ነገረኝ። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝና ዝግጅቴን ከታሪኩ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ታቱ» የሚለውን ብዙዎቻችን የፈረንጅ ቃል አድርገን እንወስደዋለን። ቃሉ ግን የመጣው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ነው፤ በታሂቲና በሳሞአ ሕዝብ ቋንቋ «ታታው» ይባላል። እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1769 ታሂቲ በደረሰ ጊዜ እሱና አብረውት የነበሩት ቃሉን በማስታወሻቸው ከተቡት። ከዚያ ወዲያ ከመርከብ ወደ ወደብ፣ ከወደብ ወደ ከተማ እያለ አውሮፓን አዳረሰ። በታሂቲ በራሷ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአገሩ ንጉሥ የሚስዮናውያንን ሃይማኖት ከተቀበለ በኋላ መነቀስ የአረመኔ ሥራ ነው ተብሎ በሕግ ተከለከለ። የደሴቲቱ ወጣቶች አያቶቻቸው የተከለከሉትን መልሰው ያነሡት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ስለዚህ «ታቱ» ራሱ የባላገር ቃል ነበረ። የእነሱ ገጠር ከእኛ ስለራቀ ብቻ ከተሜ መሰለን።

ድርጊቱማ ከቃሉ እጅግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በኢጣሊያ ድንበር፣ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው ሬሳ ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ በገላው ላይ 61 ንቅሳቶች ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ወገቡና እግሩ ላይ፣ መገጣጠሚያው በተጎዳበት አካባቢ የተሰለፉ ጭረቶች ስለሆኑ ለሕመም መድኀኒት የተደረጉ ናቸው ብለው የሚገምቱ አሉ። ወደ አፍሪካችን ስንመጣ፣ ከላይኛው ግብፅ ተወስደው በብሪትሽ ሙዚየም የሚገኙ ሁለት የጥንት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በልዩ የብርሃን መሣሪያ ሲመረመሩ፣ በወንዱ ክንድ ላይ የበሬና የበግ ዐይነት እንስሳት፣ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ደግሞ ጥምዝምዝ ምልክቶች ተገኙ። እነዚህም 5,000 ዓመት ያህል ያስቆጠሩ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የመሰጠኝ ግን የአሙኔት ታሪክ ነው። አሙኔት ከ4,000 ዓመት በፊት የኖረች፣ ሐቶር የተባለችው የግብፅ አምላክ ካህን የነበረች ሴት ናት። ሬሳዋ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲገኝ ሆዷና ጭኗ ላይ የተነቀሱ ነጥቦችና መስመሮች ታዩ። በዘመኑ የነበሩ ወንድ ተመራማሪዎች ግን ካህንነቷን ትተው፣ የተነቀሱት ሴቶች ጭፋሪዎች ወይም ቁባቶች መሆን አለባቸው ብለው ፈረዱ። የኋላ ተመራማሪዎች ምልክቶቹ ለእርግዝናና ለወሊድ ጥበቃ የተደረጉ ሊሆኑ ይችላሉ እያሉ ነው። ጓደኛዬ በቆሎ ሻጯ እናት ላይ የፈረደችው ፍርድ እንግዲህ አዲስ አይደለም። ሴት በገላዋ ላይ የተጻፈውን ሌላ ሰው አንብቦ የሚፈርድባት ከጥንት ጀምሮ ነው።

የእኛም አገር ሰው ከዚህ ዐይነቱ ንባብ አላመለጠም። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች የሚጠመቁት በእሳት ነው፤ ግንባራቸውን በጋለ ብረት ይተኮሳሉ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገር ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን በዐይኑ አይቶ ወሬውን አስተባበለ። እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን በታተመው መጽሐፉ፣ በሰዎች ፊት ላይ ያየው ምልክት በእሳት የተደረገ እንዳልሆነ፣ ከጥምቀትም ጋር እንደማይያያዝ፣ በቀዝቃዛ ብረት ለጌጥና ለዐይን ጤና ተብሎ የሚደረግ መሆኑን ጽፏል። ይህ እንኳ ብጣት እንጂ ንቅሳት አይደለም። ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ከሩቅ ሆኖ የገመተው ሁሉ ሲሳሳት፣ ቀርቦ የጠየቀው አወቀ።

እኔም ቀርቤ ልጠይቅ ብዬ አያቴ ዘንድ ሄድኩ።

እምዬ የተወለደችው ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አገጭዋ ላይ ሦስት ነጥብ፣ አንገቷ ላይ ድሪ የመሰለ መስመር በመስመር አላት። ድዷም ተነቅሷል፤ ስትስቅ ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ስለኖርኩ አንድም ቀን «እንዴት ተደረገ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ስጠይቃት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ እንዲህ ስትል አጫወተችኝ።

ነቃሿ ከገበያ ገበያ የምትዞር ሴት ነበረች። እናቷ ቀድማ ቀጠሮ ያዘችላት። ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ኩራዙ ላይ ሸክላ እየተደፋ ጥላሸት ተጠራቀመ። ጥላሸቱ በቅጠል ጭማቂ ታሸ። ለነቃሿ ዋጋ አንድ ቁና ጤፍና ጥቂት ቅቤ ተሰፍሮ ተቀመጠ። ቅዳሜ ዕለት ነቃሿ መጣች፤ ሦስት አራት መርፌ ባንድ ላይ በክር አሰረች፤ በስንደዶ ጫፍ ጥላሸቱን እየነከረች በልጅቱ አንገት ላይ መስመሩን አሰመረች። ከዚያም ሁለት አክስቶቿ አንዷ ራሷን፣ አንዷ እግሯን ያዙ።

«እምዬ፣ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«እኔ ምን ዐውቄ፤ ስምንት ዘጠኝ ቢሆነኝ ነው። ከብት ይዤ ልወጣ ስል ነው ጠርተው ያስገቡኝ።»

«ነግረውሽ አልነበረም?»

«ምን ይነግሩኛል፣ ልጄ። ጥላሸቱ ተሰናድቷል፣ ጤፉ ተሰፍሯል፣ አክስቶቼ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጥተዋል። ያልተሰናዳሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህን ብላ ግን አላቆመችም። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ ሲረግፍ ወንዝ ወርዳ ፊቷን በውኃ ላይ እንዳየችና እንደኮራች ነገረችኝ። ያልተነቀሰች ልጅ በእኩዮቿ ትሰደብ እንደነበር፣ ብር ድሪ ለመግዛት ለማይችል ቤት ንቅሳት ሌባ የማይወስደው ጌጥ እንደነበርም አጫወተችኝ። የድዷ ተራ በዓመቱ ሲደርስ ግን ሸሽታ ጎተራ ሥር ተደበቀች። ጎትተው አወጧት። ሳምንት ያህል ከአጥሚት ሌላ ምንም አልቀመሰችም። ኩራቱም እውነት ነው፤ ጎተራውም እውነት ነው። ታሪክ ጸሐፊ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመዘገበ ዋሽቷል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወዶ የሚነቀሰውን ሰው እንመልከት። ክርስቲያኖች በእጃቸው ወይም በክንዳቸው ላይ መስቀልና የክርስቶስን ስም ይነቀሱ እንደነበር የጋዛው ፕሮኮፒዮስ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት ጽፏል። የግብፅ ቅብጦች እስከ ዛሬ ድረስ በቀኝ እጃቸው አንጓ ውስጠኛ ክፍል መስቀል ይነቀሳሉ። በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማም ራዙቅ የተባለ፣ መሠረቱ ከግብፅ የሆነ ቤተሰብ ይህንኑ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ተሳላሚዎችን ይነቅሳል፤ ከነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ። የዚያ ዝግጅት ከእምዬ ዝግጅት ይለያል። ተሳላሚው በእንጨት ከተቀረጹ ማኅተሞች መካከል የወደደውን ይመርጣል። ማኅተሙ ቀለም ተቀብቶ ክንዱ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ መርፌው መስመሩን ይከተላል። የተሳለመበትን ዓመት አብሮ የሚያስነቅስ ብዙ ነው። ከማኅተሞቹ አንዱ 1749 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። እ.ኤ.አ. በ1862 ደግሞ የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የተባለው፣ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኝ ክንዱ ላይ መስቀል አስነቅሶ ተመለሰ። አልጋ ወራሹን በዚህ ምክንያት «ባላገር» ያለው አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ላይ ገላን መነቀስ መከልከሉን የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም። ቁጥሩ ስለ ሙታን ገላን ከመቧጨር ጋር አያይዞ ነው የሚናገረው። ያም ሆነ ይህ፣ ክልከላው በመጽሐፍ እያለ መስቀሉ በባላገሩ ግንባር ላይ ኖሯል። መስቀሉ ለሁሉም አንድ ትርጉም ነበረው ማለት ግን አይደለም። በጎንደር ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር የኖሩ የቤተ እስራኤል ሴቶችም መስቀል ግንባራቸው ላይ የተነቀሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1985፣ ኋላም በ1991 በገፍ ወደ እስራኤል ሲገቡ ያ ምልክት በአዲሱ አገር ጥያቄ ሆነባቸው። በሐኪም ያስጠፉት አሉ፤ በሻሽ ሸፍነው የኖሩም አሉ። አንድ ሰው በልጅነቱ ያልመረጠው ምልክት በእርጅናው «አንተ ማን ነህ?» የሚል ጥያቄ ሲያመጣበት አስቡት።

ስለ መሣሪያው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛንም ይነካናልና። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብዕር በስሙ አስመዝግቦ ነበር። የብዕሩ ጫፍ እየተመላለሰ ወረቀትን በደቃቁ የሚበሳ መርፌ ነው፤ በተበሳው ወረቀት ላይ ቀለም ሲዳመጥ ጽሑፉ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ይወጣል። ከዚህ ሐሳብ በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው የስቴንስል ማባዣ መጣ። በሌላ በኩል ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ ያንኑ የኤዲሰን ብዕር መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1891 የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መነቀሻ በስሙ አስመዘገበ። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ አሁን በእጅህ ያለው ይህ ቅጠልና የጓደኛዬ ታቱ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት በስቶ ቀለም በማሳለፍ ነው። ልዩነቱ፣ ስቴንስል ላይ ስንሳሳት በማረሚያ ቀለም ደፍነን እንደገና እንጽፋለን።

ቆዳ ላይ ግን እንዲያ አይደለም። መርፌው ከላይኛው ቆዳ አልፎ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል። እዚያ ያሉ የሰውነት ዘበኛ ሕዋሳት ቀለሙን ባዕድ ነገር ነው ብለው ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጥ ላይ ባሳዩት መሠረት፣ እነዚያ ሕዋሳት ሲሞቱ የለቀቁትን ቀለም አዳዲሶቹ ይረከቡታል። ለማጥፋት የሚሠራበት የሌዘር ብርሃን ደግሞ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ የቆዳውን የራሱን ጥቁረትም ስለሚመታ ቦታው ሊነጣ ወይም ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እናቴም አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። በ14 ዓመቷ ለትምህርት አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ስትመጣ የክፍል ልጆች «ባለ ገመዷ» ብለው አወጡላት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በበጋም በክረምትም ባለ አንገት ሹራብ ወይም ሻርፕ ሳታደርግ ከቤት አትወጣም። ለማስጠፋት አንድ ሁለት ቦታ ጠይቃ ዋጋውንና ጠባሳውን ስትሰማ ተወችው። በኋላ ዘመን ደግሞ ንቅሳት ከእንጥል ማስቆረጥና ከወተት ጥርስ ማስነቀል ጋር ተሰልፎ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ተባለ። በአንድ መርፌ ብዙ ሕፃናት ሲነቀሱ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊመጣ ስለሚችል ማስተማሩ ትክክል ነው። ሕፃን ይዞ መውጋትም ይቅር ማለቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ድርጊቱ ሲወገዝ የተነቀሱት ሴቶች አብረው ተወገዙ። እናቴ ያልሠራችውን ጥፋት አንገቷ ላይ ተሸክማ ኖረች።

ለመነቀስ መወሰኔን፣ ያውም የእምዬን የአንገት መስመር በእጄ አንጓ ላይ ላስደርግ ማሰቤን የነገርኳት አንድ እሑድ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና፣

«እኔ አርባ ዓመት የሸፈንኩትን አንቺ በብር ልትገዢው ነው?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ቆየት ብላ፣ «አታድርጊ አላልኩሽም። ማን ያዘሽ? እኔን ግን ይዘውኝ ነበር» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው። ንቅሳትን ከታቱ የሚለየው ገጠርና ከተማ ወይም ጥላሸትና የፋብሪካ ቀለም መሆን የለበትም። መጠየቅ ያለበት ዝግጅቱ የማን ነው የሚለው ነው። እምዬ ስትነቀስ ሁሉ ነገር ሲሰናዳ እሷ አልተጠየቀችም። የኢየሩሳሌሙ ተሳላሚ ማኅተሙን ራሱ መርጧል። እኛስ? እውነት እንነጋገርና፣ ጓደኛ ስለተነቀሰ፣ ፋሽን ስለሆነ፣ በሞቅታ ቃል ስለገባን ብቻ የምንነቀስ ከሆነ፣ አክስቶቻችን በእጃቸው አልያዙንም እንጂ ተይዘናል።

ስለዚህ መነቀስ የፈለገ ጓደኛ ቢያንስ ይህን ያሰናዳ። መርፌው አዲስ መሆኑን፣ ማሸጊያው በዐይኑ ፊት መቀደዱን፣ ቀለሙም ለእሱ ብቻ በትንሽ ዕቃ መቀዳቱን ይይ። ጓንት ያላደረገ ሰው ቆዳውን አይንካው። ቁስል ሲሽርለት ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ከሆነ፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኀኒት የሚወስድ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። መጠጥ ጠጥቶም ጾሙን ውሎም አይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን የተነቀሰ ሰው ቤቱ ውስጥ ካለ ቁጭ ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ይጻፍ፤ ከተፈቀደለትም ሥዕሉን በወረቀት ላይ ያንሣ። በየገጠሩ ያሉት ባለ ንቅሳት አሮጊቶች እያለፉ ነው። እያንዳንዷ ስትቀበር በአንገቷ ላይ ያለው ሥራ ከነነቃሿ ጥበብ አብሮ ይቀበራል። ታሂቲዎች የተከለከሉትን መልሰው ሲፈልጉ የረዳቸው አንዱ ነገር ጎረቤቶቻቸው ሳሞአውያን ልማዱን ሳያቋርጡ መቆየታቸው ነው። እኛ ነገ ብንፈልግ ከማን እንጠይቃለን?

የእኔ ነገር እንዲህ ሆኗል። ጓደኛዬ ተነቅሳ መጣች፤ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ወፍ ናት፤ ታምራለች። እኔ ለጊዜው አልተነቀስኩም። እምዬ፣ «እስከ ፋሲካ በኩል እየሣልሽ ቆዪበት፤ ካልሰለቸሽ ያን ጊዜ» ብላኝ በየጧቱ በአንጓዬ ላይ መስመሯን እሥላለሁ። እናቴ ባለፈው እሑድ እጄን ይዛ መስመሩን አየችው፤ ከዚያም ሻርፗን ፈታ፣ «ሦስተኛው መስመር ተሳስቷል፤ እንዲህ ነው» ብላ አንገቷን ወደ መብራቱ አዞረችልኝ።